ይዞታ

«ይዞታ» «ያዘ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። የያዘ ሰው ሁሉ ግን ባለቤት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የገበሬው ደብተር የባለቤትነት ሳይሆን የይዞታ ማረጋገጫ ነው።

ዛፉስ? ያው አንቀጽ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላፈራው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጣል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የግል ደንን ከማኅበረሰብ፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ጋር በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል። መሬቱን ትይዛለህ፤ የተከልኸው ግን ያንተ ነው።

በሸሕዲ ከተማ ዙሪያ ይህ ልዩነት ክብደት አለው። ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት ቆላ የዕጣን ዛፍ አገርም ነው። የዕጣን ዛፍን ሰው እምብዛም አይተክለውም፤ ራሱ የበቀለ ነው። ችግሩም እዚያው ነው፦ ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይፈጀዋል፣ ያረጀው ሲወድቅ ተተኪ የለውም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በብዙ አካባቢዎች ለአሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ እንዳልተተካ አሳይቷል።

«መያዝ» በአማርኛ መጨበጥ ብቻ አይደለም፤ «ልጁን ያዝልኝ» ስንል ጠብቅልኝ ማለታችን ነው። ማሳህ ላይ የዕጣን ዛፍ ካለ፣ ይዞታህን በዚህኛው ትርጉም አንብበው።