ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ምንድን ነው? ጃቫ ለሚማሩ ልጆችና ለወላጆቻቸው

በጋን ያቭኔ፣ በቅርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ከሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ልጆች መካከል የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ፣ ሙያውን በጻባ ጀምረው የወጡና በሀይቴክ ሥራ የሚፈልጉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሸር ኤልያስ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ቴክ-ካሪየር የተባለው ድርጅት በኪቡጽ ናሕሾን ለቤተ እስራኤል ወጣቶች የፕሮግራም ሥልጠና መስጠት ከጀመረ ወዲህ በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ይሁን እንጂ የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅ ብቻውን ለሥራ አያበቃም። ለጃቫ ሥራ በሚደረግ የቃል ፈተና (ሬአዮን) ላይ ከሚነሡት የተለመዱ ጥያቄዎች አንዱ «ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ምንድን ነው? ለምንስ ይጠቅማል?» የሚል ነው። «ምልክቱን እናደርጋለን፣ ከዚያ ይሠራል» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳለን።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

«ዲፔንደንሲ» ጥገኝነት ማለት ነው። አንድ የፕሮግራም ክፍል (ክላስ) ሥራውን ለመሥራት ሌላ ክፍል ሲያስፈልገው፣ ያ የሚያስፈልገው ክፍል ዲፔንደንሲው ይባላል። «ኢንጀክሽን» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሐኪም መርፌ ነው። ቃሉ ያው ነው፤ በዕብራይስጥም «ሀዝራካት ትሉዮት» ይሉታል። በፕሮግራም ሥራ ግን ትርጉሙ ከውጭ ማስገባት፣ ማቀበል ነው። ባጭሩ፦ አንድ ክፍል የሚያስፈልገውን መሣሪያ ራሱ አይሠራም፤ ከውጭ ይቀበላል።

የማረሻው ምሳሌ

ይህ ሐሳብ ለአባቶቻችን አዲስ አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ባለ እጅ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ራሱ አይቀጠቅጥም፤ ከባለ እጁ ተቀብሎ ከሞፈሩ፣ ከድግሩና ከእርፉ ጋር ያገጣጥመዋል። ማረሻው ሲያልቅ ሌላ ማረሻ ያስገባል፤ እንጨቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ይህም የሚሆነው የማረሻው መግቢያ ልክ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው። ማረሻው ከእንጨቱ ጋር እንዳይለያይ ተደርጎ ቢሠራ ኖሮ፣ ብረቱ ባለቀ ቁጥር ሙሉውን ዕቃ መጣል በተገባ ነበር።

በጃቫ ያንን የታወቀ ልክ «ኢንተርፌስ» ይሉታል። ኢንተርፌስ ሥራው ምን እንደሆነ ብቻ ይናገራል፤ እንዴት እንደሚሠራ አይናገርም።

አንድ ፕሮግራም እንሥራ

ለአረጋውያን ወላጆች የሐኪም ቀጠሯቸውን የሚያስታውስ ፕሮግራም እንጽፋለን እንበል። ዋናውን ክፍል «አስታዋሽ» እንበለው። አስታዋሹ የነገውን ቀጠሮ አይቶ መልእክት ይልካል።

የመጀመሪያው አሠራር፦ አስታዋሹ በውስጡ «ኒው» በሚለው ቃል የጽሑፍ መልእክት ላኪ (ኤስ ኤም ኤስ) ይሠራል። ፕሮግራሙ ይሠራል። ነገር ግን ብዙ አረጋውያን የተጻፈ መልእክት አያነቡም፤ የሚጠቅማቸው በአማርኛ የሚናገር የስልክ ጥሪ ነው። ይህን ለመጨመር አስታዋሹን ራሱን ከፍቶ ማፍረስ ያስፈልጋል። ማረሻው ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው።

ሁለተኛው አሠራር እንዲህ ነው፦

1. «መልእክት አድራሽ» የተባለ ኢንተርፌስ እንጽፋለን። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለዚህ ስልክ ቁጥር ይህን መልእክት አድርስ።

2. ይህን የሚፈጽሙ ሁለት ክፍሎች እንጽፋለን፤ አንዱ «በጽሑፍ አድራሽ»፣ ሌላው «በድምፅ አድራሽ»።

3. አስታዋሹ ሲፈጠር (በኮንስትራክተሩ በኩል) አንድ መልእክት አድራሽ እንዲቀበል እናደርጋለን። የትኛው እንደተሰጠው አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

ሁሉንም የሚያገጣጥመው ፕሮግራሙ የሚጀምርበት አንድ ቦታ ነው። እዚያ «በድምፅ አድራሽ» ሠርተን ለአስታዋሹ እናቀብላለን። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ማለት ይኸው ነው፤ እስካሁን ምንም ፍሬምወርክ አልተጠቀምንም። (በነገራችን ላይ ጃቫ የክፍሎችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል፤ በሥራ ቦታ ግን ልማዱ እንግሊዝኛ ነው።)

ትልቁ ጥቅም የሚታየው በሙከራ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙን በምንፈትንበት ጊዜ የእውነት ስልክ እየደወልን አረጋውያንን በሌሊት መቀስቀስ አንፈልግም። ስለዚህ ምንም የማይደውል፣ የተሰጠውን መልእክት መዝግቦ ብቻ የሚያስቀምጥ አስመሳይ አድራሽ ሠርተን እናቀብለዋለን። ከዚያ ትክክለኛው መልእክት ለትክክለኛው ሰው መታዘዙን ከመዝገቡ እናያለን። አስታዋሹ አንድ ፊደል አልተቀየረበትም።

ታዲያ ፍሬምወርክ ለምን አስፈለገ?

ሦስት አራት ክፍል በእጅ ማገጣጠም ቀላል ነው። በትልቅ ድርጅት ፕሮግራም ውስጥ ግን ክፍሎቹ በመቶዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን፣ ሌላው ሦስተኛውን ይፈልጋል። የማገጣጠሙን ሥራ የሚሠራ መሣሪያ የዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ፍሬምወርክ ይባላል። በውስጡ ክፍሎቹን ፈጥሮ የሚይዘው መያዣ «ኮንቴይነር» ነው።

በጃቫ ዓለም በጣም የታወቀው ስፕሪንግ ነው። መነሻው ሮድ ጆንሰን በ2002 ካሳተመው መጽሐፍ ጋር የቀረበው ኮድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በመጋቢት (ማርች) 2004 ወጣ። «ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን» የሚለውን ስም ያስለመደው ደግሞ ማርቲን ፋውለር በጥር (ጃንዋሪ) 2004 የጻፈው ጽሑፍ ነው።

ስፕሪንግ የሚሠራው እንዲህ ነው። በክፍሉ ላይ «ኮምፖነንት» የሚል ምልክት (አኖቴሽን) ይደረጋል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ስፕሪንግ ምልክት ያለባቸውን ክፍሎች ፈልጎ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ ክፍል በኮንስትራክተሩ ምን እንደሚጠይቅ አይቶ በቅደም ተከተል ይፈጥራቸዋል፣ ለሚፈልጋቸውም ያቀብላል። ስፕሪንግ ፈጥሮ የሚይዘው ዕቃ «ቢን» ይባላል። በ2016 ከወጣው እትም 4.3 ጀምሮ፣ ክፍሉ አንድ ኮንስትራክተር ብቻ ካለው «አውቶዋየርድ» የሚለውን ምልክት በላዩ መጻፍ አያስፈልግም።

በእኛ ምሳሌ ሁለት አድራሾች አሉ። ሁለቱም ምልክት ካለባቸው ስፕሪንግ የትኛውን እንደሚያቀብል ስለማያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ያን ጊዜ ዋናውን «ፕራይመሪ» በሚል ምልክት እናሳየዋለን፤ ወይም «ኳሊፋየር» በሚለው ምልክት በስሙ እንጠራዋለን።

ሌሎች ፍሬምወርኮች

ጎግል በ2007 ለጃቫ ጁስ (Guice) የተባለውን አወጣ። ለአንድሮይድ ስልኮች ዳገር የታወቀ ነው፤ ዳገር ስህተቱን የሚያሳየው ፕሮግራሙ ሲነሣ ሳይሆን ገና ሲተረጎም (በኮምፓይል ጊዜ) ነው። የማይክሮሶፍት ኤ ኤስ ፒ ዶት ኔት ኮር በ2016 ሲወጣ ይህ መሣሪያ በውስጡ ነበረ። ለድረ ገጽ ሥራ የሚውለው አንጉላርም የራሱ አለው። የሁሉም ሐሳብ አንድ ስለሆነ አንዱን በሚገባ የተረዳ ወደ ሌላው መሻገር አያቅተውም።

መጠንቀቅ የሚገባን

አንደኛ፦ ስፕሪንግ አለዚያ ካልተባለ በቀር ከእያንዳንዱ ቢን አንድ ብቻ ፈጥሮ ለሁሉም ያቀብላል (ሲንግልተን)። ስለዚህ አስታዋሹ በራሱ ውስጥ የአንድን ሰው ስልክ ቁጥር ይዞ ቢቆይና በዚያው ጊዜ የሌላ ሰው ቀጠሮ ቢመጣ፣ የአንዱ አረጋዊ የሕክምና መልእክት ለሌላው ሊደርስ ይችላል። የሰውን ምስጢር ማውጣት ነው። የእያንዳንዱ ሰው መረጃ በሥራው ጊዜ ይተላለፍ እንጂ በጋራው ክፍል ውስጥ አይቀመጥ።

ሁለተኛ፦ በኮንስትራክተር መቀበል ይሻላል። ምልክቱን በቀጥታ በተለዋዋጩ (በፊልዱ) ላይ ማድረግ አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍሉ ምን እንደሚፈልግ ይሸሸጋል፣ ያለ ስፕሪንግ መፈተኑም ይከብዳል። በኮንስትራክተሩ ስምንት ዘጠኝ ነገር የሚጠይቅ ክፍል ካያችሁ ደግሞ፣ ያ ክፍል ከአቅሙ በላይ ሥራ ተሸክሟልና ይከፋፈል።

ሦስተኛ፦ ሀ ለን፣ ለም ሀን የሚፈልጉ ከሆነ የትኛው ቀድሞ ይፈጠራል? ይህ ክብ ጥገኝነት ነው። በኅዳር (ኖቬምበር) 2021 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 2.6 ይህን በመደበኛነት ከልክሏል። መፍትሔው የጋራውን ሥራ ወደ ሦስተኛ ክፍል ማውጣት ነው።

አራተኛ፦ ለትንሽ ፕሮግራም ፍሬምወርክ አያስፈልግም፤ በእጅ ማቀበል ይበቃል።

ለተማሪዎችና ለወላጆች

ለተማሪው የምንመክረው ይህ ነው፦ አስታዋሹን መጀመሪያ ያለ ስፕሪንግ ጻፈው፤ አስመሳይ አድራሽ ሠርተህ ፈትነው፤ ከዚያ በኋላ ስፕሪንግን ጨምርና የትኛውን ሥራህን እንደወሰደልህ ተመልከት። ይህን በእጁ የሠራ ሰው በሬአዮን ላይ የሚጠቅሰው የራሱ ምሳሌ አለው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣም አይደናገጥም።

ውድ ወላጆች፤ ጃቫ ባታውቁም ልጃችሁን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ትችላላችሁ፦ «ይህን ማረሻ ብትለውጠው እንጨቱ ይነካል?» ልጁ ወይም ልጅቱ ፕሮግራሙን ከፍቶ የማይነካበትን ምክንያት ካሳያችሁ፣ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።