የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም በማነቃቃት ካንሰርን መከላከልና ማከም

በሽታ የመከላከል አቅም ሰውነት ጀርሞችንና የተበላሹ ሴሎችን ለይቶ የሚያስወግድበት ተፈጥሯዊ ሥርዓት ነው። ካንሰር የሚከሰተው ደግሞ ሴሎች ከቁጥጥር ውጭ ሲባዙና ከዚህ ሥርዓት ጥበቃ ሲያመልጡ ነው። የሕክምና ሳይንስ ጥበቃውን በሁለት መንገድ ያግዛል። አንደኛው ካንሰር ከመከሰቱ በፊት በክትባት፣ ሁለተኛው ከተከሰተ በኋላ በመድኃኒት ነው። በደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች፣ በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ ለሚኖር ቤተሰብ በቅርብና ያለክፍያ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው።

የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ክትባት

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። መንስኤው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ የተባለ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከቫይረሱ ዝርያዎች መካከል 16 እና 18 የሚባሉት ብቻ ከ100 የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰሮች ለ70 ያህሉ ምክንያት ናቸው።

ክትባቱ የቫይረሱን ውጫዊ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን እንጂ ሕይወት ያለው ቫይረስ አልያዘም። ስለዚህ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ መከላከያ አንቲቦዲ ያዘጋጃል፤ እውነተኛው ቫይረስ በኋላ ሲመጣም ሥር ሳይሰድ ይገታዋል። ክትባቱ ልጃገረዶች ለቫይረሱ ከመጋለጣቸው በፊት የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች በሁለት ዙር መስጠት ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክትባት በቂ መከላከያ እንደሚያስገኝ ካስታወቀ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በአንድ ጊዜ መርፌ ተሰጥቷል። ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ላለባቸው ልጃገረዶች ግን ከአንድ በላይ ስለሚያስፈልግ ወላጆች ለጤና ባለሙያው አስቀድመው መንገር ይኖርባቸዋል።

ክትባቱ በአብዛኛው በትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ትምህርት ያቋረጡ ወይም ያልጀመሩ ልጃገረዶች በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያገኛሉ። ከብት በመጠበቅ ወይም ቤት ውስጥ በማገልገል ላይ ያለች ልጅ ከትምህርት ቤት ውጭ በመሆኗ ብቻ እንዳትቀር፣ ቤተሰብ ዕድሜዋን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማስመዝገብ ይገባዋል።

ስለ መካንነት የሚነገረው ወሬ

ክትባቱ ልጃገረዶችን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ አንዳንድ ወላጆች በክትባት ቀን ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት እንዲያስቀሩ ምክንያት ሲሆን ይታያል። ይህ ከእውነት የራቀ ነው። ክትባቱ በብዙ ሀገሮች ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን መካንነትን እንደማያስከትል ተረጋግጧል። በአንጻሩ ካንሰሩ ከተስፋፋ በኋላ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና እናትነትን ሊያሳጣ ይችላል። ከክትባቱ በኋላ የሚያጋጥመው የተለመደ ነገር የመርፌው ቦታ ሕመምና እብጠት፣ ቀላል ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ነው። አንዳንድ ልጃገረዶች በመርፌ ፍርሃት ሊያዞራቸው ስለሚችል ከክትባቱ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው እንዲቆዩ ይደረጋል።

የጉበት ካንሰርን የሚቀንስ ክትባት

ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ለረጅም ጊዜ በሰውነት ውስጥ ሲቆይ የጉበት ካንሰር ያስከትላል። የዚህ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስት በሽታ መከላከያ ክትባት ውስጥ ተካትቶ ለሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ሦስቱንም ዙር ያላጠናቀቀ ሕፃን የተሟላ መከላከያ አያገኝም።

ክትባት ምርመራን አይተካም

ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወግድም፤ ሁሉንም የቫይረሱን ዝርያዎችም አይከላከልም። ስለዚህ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች ሕመም ባይሰማቸውም የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ምርመራውን ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ቅድመ ካንሰር ለውጥ ከተገኘ በአብዛኛው ሳይተኙ፣ በአንድ ቀን ሕክምና ሊወገድ ይችላል።

ካንሰር ከተከሰተ በኋላ

በሽታ የመከላከል አቅምን በመጠቀም የሚሰጠው ሕክምና ኢሚዩኖቴራፒ ይባላል። ቀደምት ከሆኑት አንዱ ለሕፃናት የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠው ቢሲጂ ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ጡንቻ ያልዘለቀ የፊኛ ካንሰር ያለባቸው ታማሚዎች ፊኛ ውስጥ ቢሲጂ በመጨመር፣ ነጭ የደም ሴሎች ተነሥተው ካንሰሩን እንዲያጠቁ ይደረጋል። ሌሎቹ መድኃኒቶች ካንሰር በነጭ የደም ሴሎች ላይ ያጠበቀውን ልጓም የሚፈቱ ናቸው። ለዚህ ግኝት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እነዚህ መድኃኒቶች ለሁሉም የካንሰር ዓይነት አይሠሩም። ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፤ የተነቃቃው መከላከያ ጤናማ አንጀትን፣ ሳንባን ወይም ዕጢዎችን ሊያጠቃ ስለሚችልም በካንሰር ስፔሻሊስት ክትትል ብቻ ይሰጣሉ። በኢትዮጵያ የካንሰር ሕክምና በዋናነት በቀዶ ሕክምና፣ በኬሞቴራፒ፣ በሆርሞንና በጨረር ይከናወናል። «መከላከያን ያጠነክራል፣ ካንሰርን ያድናል» ተብለው የሚሸጡ ቅጠሎች፣ ሥሮችና ዱቄቶች ካንሰርን እንደሚያድኑ አልተረጋገጠም። ታማሚው እነዚህን ሲሞክር የሚያልፉት ወራት ሊድን የሚችለውን ካንሰር የማይድን ያደርጉታል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

1. ለክትባት፦ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ። የክትባት ካርዱን በጥንቃቄ ማስቀመጥ።
2. ለምርመራ፦ አገልግሎቱን የሚሰጠውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቆ መሄድ።
3. ከወር አበባ ጊዜ ውጭ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም መፍሰስ፣ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ በጡት ላይ እብጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ከታየ፦ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ።
4. ለከፍተኛ ሕክምና፦ ከጤና ጣቢያ ወደ አካባቢው ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንደ አስፈላጊነቱም አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሪፈራል መሄድ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባላት የታደሰ መታወቂያና የሪፈራል ወረቀት መያዝ አለባቸው፤ ቅደም ተከተሉን መዝለል የመድህን ሽፋንን ሊያሳጣ ይችላል።