ከጋላክሲዎች መካከል ስለሚወጣው ፈጣን ነፋስ

ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን የሚወርድ መንገደኛ ነፋሱን በዓይኑ ባያየውም፥ ሣሩ ሲተኛ አይቶ ከየት እንደ መጣና ምን ያህል እንደ በረታ ይናገራል። ሊቃውንተ ፈለክም ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚወጣውን ነፋስ ያወቁት እንደዚሁ በምልክቱ ነው። ምልክቱ ግን የሚገኘው በኤክስሬይ ጨረር ውስጥ ነው፤ ይህን ጨረር ደግሞ አየር ውጦ ስለሚያስቀረው፥ 4377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ብንወጣ እንኳ አናገኘውም።

ስለዚህ የጥናቱ ታሪክ መሣሪያን ከአየር በላይ የማውጣት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሪካርዶ ጃኮኒና ጓደኞቹ በአሜሪካ በተኰሱት ሮኬት ከፀሐይ ቤተ ሰብ ውጭ ያለውን የመጀመሪያ የኤክስሬይ ምንጭ አገኙ፤ ሮኬቱ ግን ከአየር በላይ የቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ለዚሁ ጥናት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያይቱ ሰው ሠራሽ ጨረቃ የተነሣችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው፤ ይኸውም በማሊንዲ አጠገብ በባሕር ላይ ከተተከለው የኢጣልያ መድረክ፥ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1970) ነበር። ዕለቱ የኬንያ ነፃነት 7ኛ ዓመት ስለ ነበረ «ኡሁሩ» ተባለች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ከመዘገበቻቸው ከ300 በላይ ምንጮች መካከል ንቁ የሚባሉት ጋላክሲዎች ይገኙባቸዋል።

ንቁ ጋላክሲ ማለት በመካከሉ ያለው ታላቅ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ የሚስብበት ነው። ጋዙ ሲወድቅ እጅግ ይግላል፥ ያበራልም፤ ከፊሉ ግን ሳይዋጥ ወደ ውጭ ይነፍሳል። በነፋሱ ውስጥ ያለው ብረት የተወሰነውን ጨረር ስለሚያስቀር፥ ከነጠላ ላይ አንድ ክር እንደ ተመዘዘ ያለ ክፍተት ይታያል። ጋዙ ወደ እኛ የሚገሠግሥ ከሆነ ክፍተቱ ከተለመደው ቦታው ወደ ብርቱው ጨረር ይሸሻል፤ የሸሸበትም መጠን ፍጥነቱን ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኬን ፓውንድስ፥ ጄምስ ሪቭስና ባልደረቦቻቸው በአውሮጳ ኤክስ.ኤም.ኤም. ኒውተን የብርሃንን ፍጥነት አንድ ዐሥረኛ ያህልና ከዚያም በላይ የሚሮጥ ነፋስ ማየታቸውን ገለጡ። ተቃውሞ አልጠፋም። ክፍተቱ ደካማ ስለ ነበረ ያጋጣሚ ነገር ነው ያሉ ነበሩ፤ በራሳችን ጋላክሲ አካባቢ ያለ ጋዝ ያመጣው ነው ያሉም ነበሩ። እኛ ግን ጥርጣሬው ጥናቱን ጠቀመው እንላለን፤ ተጠራጣሪውን ለማስረዳት የግድ የተሻለ መሣሪያ አስፈለገና። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች ባንድነት ተመልክተው፥ የፒ.ዲ.ኤስ. 456 ነፋስ በሁሉም አቅጣጫ ለማለት በሚያስችል ስፋት እንደሚነፍስ አሳዩ።

ነገሩ ከፍጥነት ያለፈ ነው። ነፋሱ ከዋክብት የሚወለዱበትን ጋዝ ጠርጎ ካወጣ ጋላክሲው መካን ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ኤክስሪዝም የተባለችው የጃፓን መንኰራኵር ያሳየችውና እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ውጤት ይህን ግምት አወሳሰበው፤ ነፋሱ አንድ ወጥ ሳይሆን፥ ከብርሃን ፍጥነት በመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሮጡ ቢያንስ አምስት ክፍሎች ያሉት ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ቁርጥራጩ ጋዙን ሳይጠርግ በየቀዳዳው ሾልኮ ይወጣ ይሆናል።

በእንጦጦ የተተከሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር መነጽሮች በኤክስሬይ አያዩም። የኒውተን መዝገብ ግን ለማንም ክፍት ስለ ሆነ፥ በሮቤ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ተማሪ የፒ.ዲ.ኤስ. 456ን ክፍተት በገዛ እጁ ሊለካ ይችላል።