የአንድ ጥይት ልክና ያስከተለው ጣጣ

የጦር መሣሪያ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጠመንጃው እንጂ ወደ ጥይቱ አይሄድም። ይሁንና የጠመንጃውን ክብደትና ወደ ትከሻ የሚገፋውን ኃይል፣ እንዲሁም ወታደሩ ታጥቆ የሚዘምተውን የጥይት ብዛት በአመዛኙ የሚወስነው ጥይቱ ነው። ምዕራባውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረጉት ክርክር፣ የጋራ ልክ ማውጣት ምን ያህል ብርቱ ሥራ እንደ ሆነ ለሙያ ባልደረቦቻችን ግልጽ አድርጎ ያሳያል።

እንደ ሞዘር ያሉት የቀድሞ ጠመንጃዎች ጥይታቸው ከአንድ ሺሕ ሜትር ወዲያ የሚገድል ነበር። ጀርመኖች ግን እግረኛ ወታደር የሚታኮሰው በአብዛኛው በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ላይ መሆኑን በመገንዘብ፣ የ7.92 ሚሊሜትሩን ጥይት ቀለህ ከ57 ወደ 33 ሚሊሜትር አሳጠሩት። ለዚህ መካከለኛ ጥይት የተሠራው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1944 «የጥቃት ጠመንጃ» ተባለ። ሶቪየቶችም በ1943 የ7.62 በ39 ጥይት ነደፉ፤ በእርሱ የሚተኩሰውን የሚኻይል ካላሽኒኮቭን ጠመንጃ ደግሞ በ1949 ለሠራዊታቸው መደበኛ መሣሪያ አደረጉት።

እንግሊዞች ከዚህ ሁሉ በመማር፣ 7 ሚሊሜትር መካከለኛ ጥይትና ኢ.ኤም. 2 የተባለ ጠመንጃ ሠርተው በሚያዝያ 1951 ተቀበሉት። አሜሪካኖች ግን እምቢ አሉ። ሁለት የዓለም ጦርነቶችን የተዋጉበት፣ የእኛም የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተኮሰበት የ7.62 በ63 ጥይት ጉልበት እንዲቀንስ አልፈለጉም፤ ለጠመንጃውም ለመትረየሱም አንድ ጥይት ይበቃል የሚል ሐሳብም ነበራቸው። በዚያው ዓመት ወደ ሥልጣን የተመለሱት ቸርችል ከጠመንጃው ይልቅ የቃል ኪዳኑን አንድነት በማስቀደም የአገራቸውን ሥራ ተዉት። በ1954 ናቶ 7.62 በ51ን የጋራ ልክ አደረገ። የቤልጂጉ ፋል፣ የጀርመኑ ጂ 3 እና የአሜሪካው ኤም 14 በዚሁ ጥይት የሚተኩሱ ናቸው።

ጣጣው ብዙም ሳይቆይ ታየ። አንዱ ጥይት 24 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የካላሽኒኮቩ ከ17 ግራም አይበልጥም። ኤም 14 በተከታታይ ሲተኮስ በእጅ ለመቆጣጠር ስላስቸገረ፣ አብዛኞቹ አንድ በአንድ ብቻ እንዲተኩሱ ተደርገው ለወታደሩ ታደሉ። የሚያሳዝነው፣ ኖርማን ሂችማን ለአሜሪካ ጦር በ1952 ባቀረበው ጥናት የጠመንጃ ተኩስ የሚሠራው በአብዛኛው ከ300 ያርድ ባነሰ ርቀት መሆኑን አስቀድሞ ማሳየቱ ነው። መረጃው ነበረ፤ ውሳኔው ግን አልጠበቀውም። የኤም 14 ምርት እንዲቆም በ1963 ተወሰነ። ቬትናም ላይ በእግሩ የተተካው ኤም 16 ጥይቱ 5.56 ሚሊሜትር፣ ክብደቱም 12 ግራም ያህል ነው፤ ወታደሩ በአንድ ሸክም እጥፍ ጥይት ሊይዝ ቻለ ማለት ነው። 7 ሚሊሜትር አነሰን ያሉት ከዚያ ወዳነሰው በገዛ ፈቃዳቸው ወረዱ፤ ናቶም በ1980 ተከተላቸው። በእኛም አገር ከ1977 በኋላ ካላሽኒኮቭ የአሜሪካኑን ጠመንጃ ሲተካ፣ የሁለቱን ልዩነት ብዙ ወታደር በትከሻው ዐወቀው።

ይህ ማለት ግን ባለ ሙሉ ጉልበቱ ጥይት ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ለመትረየስ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ በአፍጋኒስታን ተራሮች ውጊያው ሲርቅም ኤም 14 ከመጋዘን ወጥቶ ለአልሞ ተኳሾች ተሰጥቷል። በ2022 የአሜሪካ ምድር ጦር ርቀትንና የደረት መከላከያ ጥሩርን በማሰብ 6.8 በ51 የሆነ ብርቱ ጥይት መርጧል። ክብደትና ጉልበት ዛሬም እየተመዘኑ ናቸው። የ1954ቱ ውሳኔ ጉድለት ብርቱ ጥይት መመረጡ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ልክ ለሁሉም ሥራ ይበቃል ተብሎ ከልኬቱ በፊት መፈረሙም ነበር። ልዩነቱን የተሸከመው ደግሞ ፈራሚው ሳይሆን እግረኛው ነው።