የሁለት ሆርሞኖች ቅደም ተከተል፦ ከሮቸስተር ጥንቸሎች እስከ 2002 ጥናት



የሳይንስ ታሪክን ስንተርክ እያንዳንዱን ግኝት ለየብቻው፣ ከነባለቤቱና ከነዓመተ ምሕረቱ መደርደር ይቀናናል። የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ታሪክ ግን ለዚህ አይመችም። የአንዱን ሥራ ያለ ሌላው መረዳት እንደማይቻል ተመራማሪዎች የተማሩት ከተሳሳቱ በኋላ ነውና። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1923 ኤድጋር አለን እና ኤድዋርድ ዶይዚ በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ የኤስትሮጅንን መኖር በአይጦች ላይ አሳዩ። በ1929 ደግሞ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ኮርነር እና ወጣቱ ዊላርድ አለን፣ እንቁላል ከወጣ በኋላ በዕጢው ላይ ከሚቀረው ቢጫ አካል ሌላ ንጥር አዘጋጁ። ከተራክቦ በኋላ የእንቁላል ዕጢያቸው በወጣ ጥንቸሎች ላይ ንጥሩን ሲሞክሩት እርግዝናው ጸና። ከአምስት ዓመት በኋላ በንጹሕ መልኩ የተለየው ፕሮጄስትሮን ይህ ነው።

በሥራው መካከል ግን፣ ኮርነር ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። በአለን እጅ የሚሠራው ንጥር በኮርነር እጅ አልሠራ አለ። ምክንያቱ በመጨረሻ ሲገኝ የኬሚስትሪ ጉድለት አልነበረም፤ አለን ተለቅ ተለቅ ያሉትን ጥንቸሎች ሲመርጥ ኮርነር የሚያነሣው ትንንሾቹን ነበር። ያልደረሰች ጥንቸል ማህፀን ገና በኤስትሮጅን አልተዘጋጀምና ለፕሮጄስትሮን አይመልስም።

የዚህ ነገር ውስጣዊ አሠራር የተገለጠው ዘግይቶ ነው። ኤልውድ ጄንሰን በሺካጎ በራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ምልክት የተደረገበትን ኤስትሮጅን ተከትሎ፣ በማህፀን ህዋሳት ውስጥ የሚይዘው ተቀባይ ፕሮቲን እንዳለ አረጋገጠ። በ1970ዎቹ ደግሞ የሁለቱ ሆርሞኖች ግንኙነት ግልጽ ሆነ። ኤስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ህዋሳት ያባዛል፤ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እንዲበዛም ያደርጋል። ፕሮጄስትሮን በበኩሉ የኤስትሮጅንን ተቀባይ ይቀንሳል፣ መባዛቱን ይገታል፣ ሽፋኑንም ለፅንስ ያሰናዳል። ኤስትሮጅን የከፈተውን በር ፕሮጄስትሮን ገብቶ ይዘጋዋል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ሕክምና የገባው በከባድ ዋጋ ነው። በአሜሪካ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ላረጡ ሴቶች ኤስትሮጅን ብቻውን ይታዘዝ ነበር። በ1975 መጨረሻ የወጡ ሁለት ጥናቶች ይህ ልማድ ከማህፀን ሽፋን ካንሰር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። የሚገታው ሳይኖር የሚያባዛው ብቻውን ሲሠራ ኖሯልና። መፍትሔውም ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት መጨመር ሆነ፤ ማህፀንንም በእርግጥ ጠበቀ።

ከዚህ በኋላ ግን ሁለተኛ ስህተት ተከተለ፤ ማህፀንን የጠበቀው ጥምረት ሌላውንም አካል እንደሚጠብቅ ብዙዎች ገመቱ። 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በ2002 ከታሰበለት ጊዜ አስቀድሞ ተቋረጠ። ጥምሩን መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታይቶ ነበር። የልብ ሕመምና የአንጎል ምትም ጨምሮ ነበር። በ2004 ይፋ በሆነው ተጓዳኝ ጥናት፣ ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም። በማህፀን የሚገታው ወገን በጡት ከሚያባዛው ጋር ያበረ ይመስላል። የተሰጠው ግን ሰው ሠራሽ የሆነው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ስለነበር፣ ውጤቱን በተፈጥሯዊው ፕሮጄስትሮን ላይ እንዳለ መጫን ሦስተኛ ስህተት ይሆናል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «ይህ ሆርሞን ምን ይሠራል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ለመመለስ አትቸኩሉ። በየትኛው ህብረ ህዋስ? ከማን ቀጥሎ? በምን መልኩ? ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። ኮርነርን ግራ ያጋባው ጥያቄ ያስከፈለው ጥቂት ጥንቸሎችንና የጥቂት ወራት ድካምን ነበር። ያው ጥያቄ በሕክምና ውስጥ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ዋጋውን የከፈሉት ሐኪማቸውን ያመኑ ሴቶች ናቸው።