ሀዲዱ ቆላውን፣ ሕዝቡ ደጋውን፦ ከሚኤሶ እስከ መቻራ

የምዕራብ ሐረርጌን ያለፈ መቶ ዓመት ለመረዳት ሁለት መስመሮችን አስተያይቶ ማየት ይረዳል። አንደኛው ቆላ ለቆላ የሚሄደው የባቡር ሀዲድ ነው፤ ሁለተኛው ከጭሮ ተነስቶ በበደሳና በገለምሶ በኩል መቻራ የሚደርሰው 110 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ነው። ስለ ባቡሩ ብዙ ተጽፏል። የገበሬውን ኑሮ ከዓመት ዓመት የወሰነው ግን መንገዱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። መሐንዲሶቹ የምዕራብ ሐረርጌን የጨርጨር ተራሮች ሸሽተው በአፍደምና በሚኤሶ አድርገው ወደ አዋሽ ዘለቁ። ባቡር ዳገት አይወድምና አልተሳሳቱም። የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ የበዛው ግን ዝናብ በሚጥልበት፣ ማሽላና ቡና በሚበቅልበት ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው። ባቡሩ ከተራራው ግርጌ አለፈ፤ ደገኛው ገበያ ለመድረስ አህያና ግመል እየጫነ መውረዱን ቀጠለ።

ጨርጨርን አርአያ አውራጃ ለማድረግ የተነሱት ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የአሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ መሠረት ጣሉ። እሳቸው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ይበልጥ ይታወቃሉ። ከእሳቸው በኋላ አውራጃውን ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም መንገድ ማሠራትን ከዋና ሥራቸው ቆጠሩት። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ነበሩና አውራጃ ያለ መንገድ እንደማይለማ ገብቷቸው ነበር።

ከተማዋም መንገዱን ተከትላ አደገች። በ1987ቱ ቆጠራ 18,678 የነበረው የጭሮ ሕዝብ በ1999 ወደ 33,670 ከፍ አለ። በዚያው ዓመት የዞኑ ሕዝብ 1,871,706 ሲሆን፣ ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው ገጠር ነዋሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ለ2010 የታቀደው ተራዝሞ፣ በ2011ም እንደገና እንዲራዘም ተወሰነ። በ1999 የተወለደ ልጅ ዛሬ መሬት የሚሻ ወጣት ሆኗል፤ መንገድና ጤና ጣቢያ የሚታቀደው ግን እሱ ሲወለድ በተቆጠረ ሕዝብ ላይ በተሰላ ግምት ነው።

መንገድ ማሳውን ሳይቀር ይለውጣል። የሐረርጌ ቡና ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ ጀንፈል ደግሞ ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ለሠርግም ለክፉ ቀንም ይደርሳል። ጫት እንዲህ አያደርግም። በተቆረጠ በሁለት በሦስት ቀን ይጠወልጋልና ጫኙ የአይሱዙ መኪና ከገበሬው ደጅ አጠገብ መቆም አለበት። ስለዚህ መኪና የሚገባበት ገበሬ በየጊዜው ቆርጦ ጥሬ ገንዘብ ይይዛል፤ የማይገባበት የቡናውን ወቅት ይጠብቃል። መቻራ አጠገብ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሚያወጣው የቡናና የማሽላ ዝርያም ያው ነው፤ ገበሬው እጅ የሚገባው መንገዱ የሚያደርሰውን ያህል ነው። ከማሳው አልፎም፣ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ይዞ ቁልቁለት መውረድና በአምቡላንስ መውሰድ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ነው።

መስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የቀድሞውን አቅጣጫ ያዘ። መስመሩን የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሥራቸውን ያገናኙት ሚኤሶ ላይ ነው፤ አንዱ ከሰበታ መጣ፣ ሌላው ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ ቀጠለ። መስመሩ ለአገር ገቢና ወጪ ንግድ ትልቅ ጥቅም አለው። ለመቻራ ገበሬ የሚጠቅመው ግን ከቀበሌው እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ሲሟላለት ነው። በ2003 የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት ያሰበው ይህንኑ አይቶ ነው፤ መንገዱ ተሠርቶ ሳይጠገን ከቀረ ግን አንድ ከባድ ክረምት ይበቃዋል።

እንግዲህ የሚቀጥለው ቆጠራ ሲደረግ፣ በየቀበሌው ስንት ሰው እንዳለ ብቻ ሳይሆን መኪና ሐምሌና ነሐሴ እስከየት እንደሚገባም ይመዝገብ። የመንገድ በጀት በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ቆሞ ከተደለደለ፣ ባቡሩ ከመቶ ዓመት በፊት ያለፈው ደገኛ በመጨረሻ ድርሻውን ያገኛል።