የፒክስልን ርዝመት ማን ወሰነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ዳቦ ዋጋ ለጻፍኩት ዘገባ አንድ ግራፍ ሠርቼ ለአንድ መጽሔት ላክሁ። ሶፍትዌሩ ስፋቱ 6.4 ኢንች፣ ማለትም 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ብሎኝ ነበር። ታትሞ ሲወጣ ግን 5.4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁጭ አለ! የወራቱን ስም ለማንበብ አጉሊ መነጽር ያስፈልግ ነበር። ዋጋው በየትኛው ወር እንደናረ ማንም ሊያይ አልቻለም፤ የዘገባው ዋና ነገር ደግሞ እሱ ነበር።

የመጽሔቱን ገጽ አቀናባሪ ወቀስኩ። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። የላክሁት ፋይል አግድም 640 ፒክስል ነው። የእኔ ሶፍትዌር በኢንች 100 ብሎ አሰላው፣ እሱ ደግሞ ለሕትመት እንደተለመደው 300 ብሎ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፒክስል የራሱ ርዝመት የለውምና።

ታዲያ ፒክስልን ከኢንች ጋር ያጋባው ማን ነው? ወዳጆቼ፣ ኩባንያዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1984 አፕል ማኪንቶሽን ሲያወጣ ስክሪኑ 512 በ342 ፒክስል ነበር፤ በአንድ ኢንች 72። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልመጣም። አታሚዎች ፊደል የሚለኩበት ፖይንት የኢንች 1/72ኛ ገደማ ነው። (የድሮ አሜሪካውያን አታሚዎች ኢንችን ለ72.27 ነበር የሚከፍሉት፤ ትርፍራፊዋን ጥሎ 72 ላይ ያጸናው የአዶቢ ፖስትስክሪፕት ነው።) ስለዚህ 1 ፒክስል ከ1 ፖይንት ጋር ገጠመ። ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። የአፕል ማተሚያ ኢሜጅራይተርም በኢንች 144 ነጥብ፣ ልክ እጥፉን ያትም ነበር።

ማይክሮሶፍት በሌላ መንገድ ሄደ። ሰው ስክሪን የሚያየው ከወረቀት ራቅ ብሎ ነው፤ በዚያ ላይ ባለ 10 ፖይንት ፊደል በ10 ፒክስል ብቻ ሲሳል ይጨማደዳል። ስለዚህ ዊንዶውስ በሲሶ አሳድጎ ኢንችን 96 ፒክስል አደረገው። ለዓይን ሲባል የተለጠጠ ኢንች ነው። እንደ እኔ ጠቃሚ ውሸት ነበር፤ ያስቸገረን ውሸት መሆኑ መረሳቱ ነው። በ2011 የድረ ገጽ ደረጃ አውጪው ደብሊው ስሪ ሲ ሲኤስኤስ 2.1ን ሲያጸድቅ ይህንኑ 96 ደንብ አደረገው። ዛሬ በኢንች ከ400 በላይ ነጥብ በያዘ ስልክ ላይም ድረ ገጹ የሚያስበው በዚያው 96 ነው።

የ1984ቱ 72ም አልሞተም። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ካልነገራችሁት 480 በ480 ፒክስል ሥዕል ያወጣል፣ የፊደሉንም መጠን በኢንች 72 ብሎ ያሰላል። የእኔ 640 የመጣው ደግሞ ከማትፕሎትሊብ ነው፤ 6.4 በ4.8 ኢንች፣ በኢንች 100። ኢንቹን ሳትነኩ 100ውን 300 ብታደርጉት 1920 በ1440 ፒክስል ይወጣል፤ ፊደሉ የሚለካው በፖይንት ስለሆነ አብሮ ያድጋል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ኢንቹን በማሳደግ ነው። ያኔ ሥዕሉ ይሰፋል፣ ፊደሉ ባለበት ይቀራል፤ ገጹ ውስጥ ሲጨመቅ ደግሞ ይጠፋል።

አሁን መስመር ከመሳሌ በፊት ደውዬ ዓምዱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ እጠይቃለሁ። 8 ካሉኝ 945 ፒክስል ነው።